ዘይት የማይጎድላት ቮልስ

አቃቂ፣ በሰቃ አካባቢ መኪና ያለው ሰው ሁሉ ያውቀኛል። መኪና የሌለውም ያውቀኛል፤ ድምፄ ከሞተር ይበልጣል ይላሉ። ደረጀ እባላለሁ። ጋራዤ ትንሽ ናት፣ ሁለት መኪና ከገባባት እኔ ውጭ ቆሜ ነው የምሠራው፤ ስሟ ግን እስከ ሳሪስ ይሰማል። መካኒክነት ትምህርት ቤት ገብቼ አልተማርኩም። ያስተማሩኝ የተበላሹ መኪናዎች ናቸው። እነሱ ደግሞ የሚገርም አስተማሪ ናቸው፣ አንድ ቀን እንኳን ቀርተውብኝ አያውቁም። ሞተር ከሩቅ ሰምቼ የቱ ካንዴላ እንደደከመ እናገራለሁ። አንዳንዴም ልክ እሆናለሁ።

ይሄን የምላችሁ ልመካ ብዬ አይደለም። እሺ፣ ትንሽ ልመካ ብዬ ነው። ግን ዛሬ የማወጋችሁ ስለ አንድ እሁድ ነው። በዚያች እሁድ ጠዋት የነበረው ደረጀ ማታ ቤቱ አልገባም፤ ሌላ ሰው ነው የገባው።

ያኔ አርባ አምስት ዓመቴ ነው፣ ወንደላጤ ነኝ። ለምን እንዳላገባሁ እናንተም ሳትጠይቁኝ አልቀራችሁም። መልኬ እንከን የለውም። ሙያም አለኝ። ችግሩ ሴቶቹ ይስቃሉ፣ ይስቃሉ፣ ሆዳቸውን ይዘው ይስቃሉ፣ ከዚያ ሌላ ሰው ያገባሉ።

ሮማንን ያገኘኋት ቂሊንጦ የሚሠሩትን የሚያመላልሰው ሰርቪስ ጋራዤ በር ላይ ተበላሽቶ የቆመ ቀን ነው። ፋብሪካ ውስጥ የፈረቃ ኃላፊ ናት። አውቶብሱ ሙሉ ሠራተኛ ወርዶ ከቦኝ እኔ ደግሞ ቁልፍ በእጄ፣ ቀልድ በአፌ፣ ትያትር የምሠራ ነው የምመስለው። ሁሉም ይስቃል። አንዲት ቀጠን ያለች፣ ሻርፕ ያጣፋች ሴት ብቻ አትስቅም። እስክጨርስ ጠበቀችና፣

“ጨረስክ?” አለችኝ።

“ጨረስኩ።”

“እንግዲያው አሁን መኪናውን ትሠራዋለህ?”

በቃ። እዚያው ነው ያለቀልኝ።

ሰነበትንና ነገሩ ሲጠና ሮማን ቁርጡን ነገረችኝ። “ሽማግሌ ላክ። ግን ደሬ፣ አባዬ ፊት ወሬ እንዳታበዛ። ወሬ ሲበዛበት ራሱን ያመዋል።” እኔም “እኔ? ወሬ?” ብዬ አንድ ሰዓት ሙሉ ወሬ የማላበዛ ሰው መሆኔን አስረዳኋት።

አባቷ ጋሽ በየነ የምድር ባቡር ጡረተኛ ናቸው። አቃቂ ውስጥ በሁለት ነገር ይታወቃሉ። አንደኛው ማዕዳቸው ነው። ቤታቸው የገባ ሰው ቀበቶውን ሳያላላ አይወጣም። ጠገብኩ ማለት እዚያ ቤት እንደ ስድብ ነው የሚቆጠረው። ሁለተኛው ቮልሳቸው ነው። ከኔ በዕድሜ የምትበልጥ፣ ቅቤ መሳይ ቀለም ያላት፣ እሁድ እሁድ በነጭ ጨርቅ የምትወለወል እመቤት። በሰቃ ውስጥ እጄ ያልነካት መኪና እሷ ብቻ ነበረች፤ ጋሽ በየነ መካኒክ ማስጠጋት ካቆሙ ቆይተዋል።

እንግዲህ ሽማግሌዎቼን መረጥኩ። አንዱ አጎቴ ጋሽ ንጉሤ ናቸው። ሁለተኛው ከጋራዤ አጠገብ መለዋወጫ የሚሸጡት የስልጤው ጋሽ ሸምሱ ናቸው፤ በሠፈሩ አንደበታቸው የታወቀ፣ ስንት ጠብ ያበረዱ ሰው። ሦስተኛው የዕድራችን ሰብሳቢ ናቸው፤ ጆሯቸው እምብዛም አይሰማም፣ ግን ጋቢ ሲለብሱ ያስፈራሉ። ለግርማ ሞገስ ነው የላክኋቸው።

ሳምንቱን ሙሉ አሠለጠንኳቸው። “መጀመሪያ ራሴን ያስተማርኩ መሆኔን ትነግሯቸዋላችሁ። ከዚያ ያንን ሁሉም መካኒክ እጁን የሰጠበትን የጭነት መኪና። ከዚያ ሞተር በድምፅ መለየቴን። ከዚያ…”

ጋሽ ሸምሱ መነጽራቸውን አውልቀው አዩኝ። “ደረጀ፣ የምሄደው ልጅ ልጠይቅ ነው ወይስ ጋራዥ ላስተዋውቅ?”

“ሁለቱንም፣ ጋሽ ሸምሱ። ሁለቱንም።”

እሁድ ሆነ። ሽማግሌ የላከ ሰው ቤቱ ሆኖ ጥፍሩን እየበላ እንደሚጠብቅ ታውቃላችሁ። እኔ ግን አልቻልኩም። ማንም እንደማያየኝ እያወቅሁ አዲሱን ሱፌን ለበስኩ፣ ከረባቴን አሰርኩና ከጋሽ በየነ ቤት አለፍ ብሎ ማዕዘኑ ላይ ያለው ጭማቂ ቤት ተቀመጥኩ። አቮካዶ አዘዝኩ። አልወረደልኝም። ሌላ አዘዝኩ። ስልኬ ጮኸ። ጋሽ ሸምሱ ናቸው፣ በሹክሹክታ።

“ና።”

“ወዴት?”

“እዚህ። ቤቱ።”

“ጋሽ ሸምሱ፣ ሽማግሌ ካለበት ቤት ጠያቂው ይገባል እንዴ?”

“ወላሂ እኔም አይቼ አላውቅም። ግን ሰውየው ጥሩት ብለዋል። ቶሎ በል።”

የጭማቂውን ከፍዬ ሮጥኩ። ስገባ ግቢው ውስጥ ወንበር ተደርድሯል። ሽማግሌዎቼ አንገታቸውን ደፍተዋል። በመስኮቱ መጋረጃ በኩል የአክስቶች ዓይን ይታየኛል፣ አንደኛው ዓይን የሮማን ነው። ጋሽ በየነ ከዘራቸውን ይዘው መሀል ተቀምጠዋል።

“አንተ ነህ ደረጀ?”

“አዎ ጋሼ።”

“ሽማግሌዎችህ ቡናው እስኪቀዘቅዝ ድረስ ስላንተ አወሩኝ። የጭነት መኪናውን ሰማሁ። ራስህን ማስተማርህንም ሰማሁ። ስለ ልጄ ግን አንድ ነገር የጠየቀኝ የለም።”

ጋሽ ሸምሱ ወደ እኔ ዞረው ‘ነግሬህ ነበር’ የሚል ዓይን ወረወሩብኝ።

“እንግዲህ” አሉ ጋሽ በየነ ወደ ግቢው ጥግ በከዘራቸው እያሳዩ፣ “ያቻት መኪናዬ። ታማብኛለች። ወሬህ እውነት ከሆነ አድናት። ከዳነች ስለ ልጄ እንነጋገራለን። ካልዳነች ግን በዚህ በር ሁለተኛ ሽማግሌ እንዳይመጣ።”

ሌላ ሰው ቢሆን ይደነግጣል። እኔ ግን ደስታዬ! ፈተናው ሒሳብ ቢሆን ኖሮ አበቃልኝ፤ ፈተናው ቮልስ ነው! ኮቴን አውልቄ ለአጎቴ አቀበልኩ፣ ከረባቴን ወደ ትከሻዬ ወረወርኩ፣ እጅጌዬን ሰበሰብኩ።

“ያስነሷት፣ ጋሼ። እኔ ከዚህ ሆኜ ብሰማት ይበቃኛል።”

አስነሷት። ብዙ አሽካካች፣ አንጀቷ የተቆጣ ይመስል አጓራች፣ ከዚያ ከኋላዋ የወጣውን ጥቁር ጭስ ምን ልበላችሁ። ገመድ ላይ የተሰጣ ነጠላ ነበር፤ ነጭ ነበር ማለቴ ነው። የዕድሩ ሰብሳቢ በጋቢያቸው ተሸፈኑ። አንዷ አክስት “ኧረ ቤቱ ተቃጠለ!” ብላ ወጣች።

“ጉልበት የላትም” አሉ ጋሽ በየነ እየሳሉ። “ዳገት ላይ ትለምናለች። ትንቀጠቀጣለች። አቅሟ ከዳት።”

“ገባኝ” አልኩ ወዲያው። እንዴት ቶሎ እንደገባኝ! “ርቧታል። ቤንዚን አንሷታል።”

ሁሉም ራሱን ነቀነቀ። እውነት ለመናገር የሚያሳምን ነገር ነው። እኛ አገር ደከመኝ ላለ ሰው የሚታዘዝለት መድኃኒት አንድ ነው፦ ብላ። ያመመው ይብላ፣ ያዘነ ይብላ፣ የከሳ ይብላ። ለሰው የሠራ ለቮልስ የማይሠራበት ምን ምክንያት አለ?

“አንድ ነገር ግን ልንገርህ” አሉ ጋሽ በየነ ኩራት እየታየባቸው። “ዘይት አትበላም። የሌላው መኪና ዘይት በየጊዜው ይጎድላል። የኔ አይጎድልም። እንዲያውም ይጨምራል።”

“ይጨምራል?” አሉ ጋሽ ሸምሱ።

“ይጨምራል! መለኪያው ላይ ከምልክቱ አልፎ አገኘዋለሁ። እኔ አልጨመርኩም፣ ማንም አልጨመረም።”

“ማሻአላህ” አሉ ጋሽ ሸምሱ።

“በረከት ነው” አሉ አጎቴ።

የዕድሩ ሰብሳቢ ምን እንደተባለ ባይሰሙም አማተቡ።

እኔስ? አያ ፕሮፌሰሩስ? “ጋሼ፣ ጥሩ ባለቤት ያላት ሞተር እንደዚህ ናት” አልኩላችሁ! ዘይት ከየት ይመጣል ብዬ ራሴን እንኳን አልጠየቅኩም። ምክንያቱም አፌ ሥራ ላይ ነበር። ካቻቢቴ አስመጣሁና ካርቡሬተሩ ላይ ያለችውን ቤንዚንና አየር የምትመጥነውን ብሎን ሩብ ዙር ወደ ግራ ከፈትኩላት። ያ ማለት በጉርሻ ላይ ጉርሻ ማለት ነው። ሞተሩ አንዴ ጎረመሰ፣ ድምፁ ወፈረ። ከኩሽና እልልታ ተሰማ። በመጋረጃው በኩል ሮማን ራሷን ግራና ቀኝ ስትነቀንቅ አየኋት። በአድናቆት መስሎኝ ዓይኔን ጠቀስኩላት።

“ጋሼ፣ ይግቡ! ሽማግሌዎች፣ ግቡ! ሳሪስ ደርሰን እንመለሳለን!”

እኔ መሪ ላይ፣ ጋሽ በየነ ከጎኔ፣ ከኋላ ሦስት ሽማግሌ ከነጋቢያቸው ተጠቅጥቀው። ቮልስ ውስጥ ሳይሆን ቁምሳጥን ውስጥ የገባን ነው የምንመስለው። መንገዱ ላይ ወጣን። የኤሌክትሪክ መኪናዎቹ ድምፅ ሳያሰሙ እሽ እሽ እያሉ ያልፉናል፣ እኛ ደግሞ ከኋላችን ሌሊት እየዘረጋን እንሄዳለን። እውነቴን ነው፣ በኋላ መስታወት ሳይ አቃቂ የለችም። ያለው ጥቁር መጋረጃ ነው። አንድ የሚኒባስ ረዳት በበሩ ተንጠልጥሎ ደረሰብን።

“ፋዘር! ፋብሪካው በቂሊንጦ በኩል ነው፣ መንገድ ስታችኋል!”

ሚኒባሱ ሙሉ ሰው ሳቀ። እኔም ሳቅሁ። ጋሽ በየነ አልሳቁም። ወደ ቃሊቲ የሚወስደውን ዳገት ስንጀምር ቮልሷ አንዴ አስነጠሰች፣ ሁለቴ አስነጠሰች፣ ከዚያ ጸጥ አለች። እንደ ጸጥታው ያለ የሚያስፈራ ነገር ሰምቼ አላውቅም።

ቁልፉን አዞርኩ። ቅር ቅር ቅር። አዞርኩ። ቅር… ቅ። ባትሪውም ደከመው። ቤንዚኑ ይሸታል፣ ዓይን ያቃጥላል።

“እንግፋት” አልኩ።

ሦስት ሽማግሌ ጋቢያቸውን አደግድገው ገፉ። መንገደኛው ቆሞ ያያል። ጋሽ ሸምሱ ትንፋሻቸው እየተቆራረጠ፣ “ደረጀ… ሽማግሌ ስትልከኝ… እንደምገፋ አልነገርከኝም” አሉኝ። የዕድሩ ሰብሳቢ ደግሞ የደረስን መስሏቸው “እንኳን ደስ ያላችሁ” እያሉ ይገፋሉ። አልተነሳችም። ጥጉ ላይ አቁመናት ሁላችንም ድንጋይ ላይ ተቀመጥን። የጋሽ በየነ ፊት ግን… ኧረ ተዉኝ። ስለ ፊታቸው ባልናገር ይሻላል።

እኔ ግን አላቆምኩም። እያወራሁ ነው። “ይሄ ቀላል ነገር ነው ጋሼ፣ እኔ ከዚህ የባሰ አይቻለሁ፣ አንድ ጊዜ ደብረ ዘይት መንገድ ላይ…” እያልኩ ሳለ ባጃጅ መጥቶ አጠገባችን ቆመ። ሮማን ወረደች። እጇ ላይ የውሃ ጠርሙስ ይዛለች።

“የት እንዳለን እንዴት አወቅሽ?” አሏት አጎቴ።

“ጭሱን ተከትዬ።”

ለአባቷ ውሃ ሰጠቻቸው፣ ከዚያ ወደ ጎን ጠራችኝ። ከላይ እስከ ታች አየችኝ። ነጭ ሸሚዜ የከሰል ነጋዴ ሸሚዝ ሆኗል።

“ጠየቅኸው?” አለችኝ።

“ማንን?”

“አባዬን። መኪናዋን ምን ሲያደርጋት እንደቆየ።”

“ሮሚ፣ እኔ እኮ መካኒክ ነኝ። ምን ብዬ እጠይቃለሁ?”

“ሐኪምም ይጠይቃል ደሬ። ከገባህ ጀምሮ አንተ ብቻ ነህ የምታወራው። ሽማግሌዎችህም ያወሩት ያንተን ነው። እሱ አንድ ነገር ሊል አፉን ሲከፍት ሦስቴ አየሁት። ሂድና ተቀመጥ። ጠይቀው፣ ከዚያ ዝም በል።”

ዝም በል! ለኔ! ሄጄ ጋሽ በየነ አጠገብ ድንጋዩ ላይ ተቀመጥኩ።

“ጋሼ፣ መቼ ነው መድከም የጀመረችው?”

መኪናዋን አሻግረው አዩ። ምላሴ አፌ ውስጥ እንደታሰረ ውሻ ይራወጣል፣ ያዝኩት። ቆይተው ጀመሩ።

“የሮማን እናት ካረፈች በኋላ ነው። ድሮ እሁድ እሁድ ሁለታችን እስከ ዱከም ድረስ እንወጣ ነበር። ከዚያ በኋላ መውጣት አቆምኩ። ቆማ ከረመች። አንድ ቀን ባስነሳት ደከማት። ራባት አልኩ። ያቺን ብሎን ትንሽ ከፈት አደረግኩላት፣ ደስ አላት። ሰነበተችና እንደገና ደከማት። እንደገና ከፈት አደረግኩላት።” ከዘራቸውን መሬቱ ላይ አሽከረከሩ። “ከዚያ ጉሮሮዋ ጠቦ ይሆናል ብዬ አሰብኩ። ካርቡሬተሩን ፈታሁ። ቤንዚኑ የሚያልፍባት ያቺ ትንሽ ናስ አለች አይደል? የባለቤቴን የስፌት መርፌ ይዤ ቀዳዳዋን አሰፋሁላት። እንደልቧ እንድትውጥ።”

“በሷ መርፌ?” አለች ሮማን ቀስ ብላ።

“በሷ መርፌ። ሌላ ምን ነበረኝ?”

ማንም አልሳቀም። እኔም ለመጀመሪያ ጊዜ ቀልድ አልመጣልኝም። ግን አንድ ነገር ጭንቅላቴ ውስጥ ተንቀሳቀሰ። ዘይቱ! ተነሥቼ ሮጥኩ፣ የዘይት መለኪያውን ዘንግ መዘዝኩና አሸተትኩት።

ቤንዚን።

እንግዲህ የመኪና ሰው ላልሆናችሁ ላስረዳችሁ። ሞተር ቤንዚን ብቻ አይደለም የሚበላው፤ አብዛኛው ምግቡ አየር ነው። ቤንዚኑ ሲበዛ አይቃጠልም። ገሚሱ ጥቁር ጭስ ሆኖ በኋላ ይወጣል፣ ቤንዚኑን የሚለኩሰውን ካንዴላ በጥላሸት ይለስነዋል። ገሚሱ ደግሞ ፒስተኑ የሚመላለስበትን ግድግዳ ያጥበዋል። ያ ግድግዳ ላይ ያለው ስስ ዘይት ነው ብረት ከብረት እንዳይፋጭ የሚያደርገው። ታጠበ ማለት ብረት ብረትን ይበላል ማለት ነው። ያጠበው ቤንዚን ወደ ታች ወርዶ ዘይቱ ጋ ይቀላቀላል። ዘይቱ ይቀጥናል፣ መጠኑ ግን ይጨምራል። ያ በረከት ያልነው፣ ያ ማሻአላህ የተባለለት፣ ያ የተማተበለት… የሞተሩ ሕመም ነበር። የደከመችው ጠግባ ነው። እኛ ደግሞ በደከማት ቁጥር ጨመርንላት። እኔ ራሴ ከአንድ ሰዓት በፊት ጨመርኩላት፣ ከነእልልታው።

“ጋሽ ሸምሱ” አልኩ፣ “የቮልስ ካርቡሬተር ናስ፣ ኦርጅናሉ፣ ሱቅዎ ውስጥ አለ?”

“አለ። ዘይትም አለ። ካንዴላም አለ።” ባጃጁ ላይ ዘለሉ። በሽማግሌነት ተልከው መሀል ላይ ሱቃቸውን ሊከፍቱ የሄዱ እሳቸው የመጀመሪያው ሳይሆኑ አይቀሩም።

እሳቸው እስኪመለሱ ዘይቱን በተቆረጠ ጄሪካን አፈሰስኩት። እንደ ሻይ ነው የወረደው። ጋሽ በየነ ጎንበስ ብለው አዩት። ጣታቸውን ነክረው አሸተቱት። ጋሽ ሸምሱ መጡ፣ ጠባቧን ናስ መለስኩ፣ ካንዴላ ቀየርኩ፣ አዲስ ዘይት ሞላሁ፣ ያቺን ብሎን ወደ ቀኝ እስክትበቃ ዘጋኋት። ገፋን። ተነሳች።

ተነሳች ስላችሁ! ጥቁር ጭስ የለም። ቱፍ ቱፍ ቱፍ፣ ድሮ የምናውቀው የቮልስ ድምፅ። አጎቴ አቀፉኝ። የዕድሩ ሰብሳቢ አሁን እውነትም ደስ አላቸው። ጋሽ በየነ ከድንጋዩ ተነሡ። ዓይናቸው እንባ አቅርሯል።

“ዳነች?” አሉኝ።

ሁሉም ወደ እኔ ዞረ። ‘ድናለች’ ማለት ብቻ ነው የሚጠበቅብኝ። አንድ ቃል። ምላሴ ላይ ነበር፣ ጫፉ ላይ። ሮማን ያለችው ከዚያ ቃል ማዶ ነው።

ግን እየሰማኋት ነበር። ሞተሯን ማለቴ ነው። በሕይወቴ ሳላወራ የሰማሁት የመጀመሪያው ሞተር ነው። ከቱፍ ቱፉ ሥር ደረቅ ኳኳታ አለ። ከጭስ ማውጫው ደግሞ ጥቁሩ ቆሞ ቀጭን ሰማያዊ ክር መሳይ ጭስ ይወጣል።

“አልዳነችም” አልኩ።

አጎቴ እግሬን ረገጡኝ። “ልጁ ደክሞት ነው” አሉ ጋሽ ሸምሱ ፈጠን ብለው፣ “ፀሐዩም…”

“አልዳነችም ጋሼ። ጭሱ ነው የቆመው። ጉዳቱ ውስጥ ነው ያለው። ፒስተኑ ላይ ያሉት ቀለበቶች፣ ፋሻዎቹ፣ አልቀዋል፣ ግድግዳውም ተጭሯል። ዛሬ ቤትዎ ታደርስዎታለች። እንዲህ እየነዷት ግን ትሞታለች። ሞተሩ ወርዶ መፈታት አለበት። ዛሬ አልችልም።”

አልችልም! ይሄ ቃል ከኔ አፍ ወጥቶ ስሰማው ሌላ ሰው የተናገረ መስሎኝ ዞር ብዬ አየሁ።

“ከዳነች እንነጋገራለን ነበር ያልኩህ” አሉ ጋሽ በየነ።

“አዎ ጋሼ።”

ጠበቁ። ሁሉም ጠበቀ። እኔ እንድቀጥል፣ የጭነት መኪናውን እንዳነሳ። ሮማን ባጃጁን ተደግፋ ታየኛለች። ዝም አልኩ።

“የምትጨምረው የለም?”

“የለም ጋሼ።”

ጋሽ በየነ ከዘራቸውን ብብታቸው ውስጥ ከተቱና ሳቁ። ከሆዳቸው ነው የሳቁት። “የመጣ መካኒክ ሁሉ ድናለች፣ ድናለች እያለኝ ነው የሄደው። ለዚህ ነው ማስጠጋት ያቆምኩት። አንተ ስትመጣ ደግሞ ከሁሉም የባሰው መጣ ብዬ ነበር።” ወደ መኪናዋ ዞሩ። “የት ነው የምትፈታው?”

“ጋራዤ እወስዳታለሁ።”

“አይሆንም። እኔ ግቢ ነው የምትፈታው። ቅዳሜ ቅዳሜ እየመጣህ።”

ጋሽ ሸምሱ ጉሮሯቸውን ጠረጉ። “አቶ በየነ፣ ይቅርታ ያድርጉልኝና፣ ይሄ እሺ ነው እምቢ?”

“ሞተሩ የተገጠመ ለት ኑ። ያኔ ደግሞ ስለ ልጄ ጠይቁኝ። ብዙ የምነግራችሁ አለኝ።”

ሞተሩ ሲፈታ እንዳልኩት ሆኖ ተገኘ፤ ግድግዳው ድመት የቧጠጠው ይመስላል። ግን ቅዳሜዎቹ! እኔ ሥር ተኝቼ እሠራለሁ፣ ጋሽ በየነ በርጩማ ላይ ሆነው ስለ ባለቤታቸው፣ ስለ ባቡሩ፣ ሮማን ልጅ ሆና ቮልሷ ውስጥ ተደብቃ ስለተኛችበት ቀን ያወራሉ። እኔ እሰማለሁ። ሮማን መብራት ትይዝልኛለች፣ አንዳንዴ ሞተሩ ላይ፣ አንዳንዴ ዓይኔ ላይ። ወሬዬ ሲጀማምረኝ በሁለት ጣቶቿ አየሩ ላይ የሆነች ብሎን ወደ ቀኝ ታዞራለች። ሩብ ዙር። ወዲያው እዘጋለሁ።

ሞተሩ የተገጠመ ለት ሽማግሌዎቹ ተመልሰው ጋሽ በየነ ቤት ሄዱ። ጋሽ ሸምሱ “ልጅዎን ለልጃችን ልንጠይቅ መጥተናል፣ ምን ዓይነት ልጅ ናት?” ብለው ዝም አሉ። አመሻሹ ላይ ነው የወጡት። ሲወጡ ቀበቶ አላልተዋል፣ እሺታውን ይዘዋል።

ሠርጋችን ላይ የሄድነው በማን እንደሆነ ገምታችኋል። ጭስ የሚባል የለም፤ የሮማን ቬሎ ነጭ ሆኖ ነው የደረሰው። ጋሽ በየነ ማዕዱ ላይ አጎረሱኝ። ደገሙኝ። ሦስተኛውን ጠቅልለው አፌ አጠገብ ሲያደርሱ ትንፋሽ አጠረኝ፣ ዓይኔ ፈጠጠ። ሮማን ጣቶቿን አነሳችና በአባቷ ፊት ያቺን ብሎን አዞረችላቸው። አዩዋት። ጉርሻዋን ቀስ ብለው ወደ ሳህኑ መለሱና ሳቃቸውን ለቀቁት። እንደዚያ ሲስቁ ሮማን እንኳን ከእናቷ ሞት ወዲህ አይታቸው እንደማታውቅ ነገረችኝ።

እንግዲህ የድሮ መኪና ያላችሁ፣ ስሙኝ። ስትደክም ቶሎ አታጉርሷት። ካንዴላዋን አውጡና እዩ፤ ከጠቆረ በዝቶባታል። ዘይቷ ሳትጨምሩ ከጨመረ በረከት አይደለም፣ አሽትቱት። እኔ ጋ ብታመጧትም ደስ ይለኛል፤ በሰቃ ደርሳችሁ ደረጀ ካላችሁ ሕፃን ልጅ ያሳያችኋል። የምጠይቃችሁ ነገር ይበዛል፣ አትገረሙ። መኪና የሌላችሁም ብትሆኑ፣ አጠገባችሁ የደከመው ሰው ካለ ከምክራችሁ በፊት ትንሽ አየር ስጡት፣ የሚለው ነገር ሊኖረው ይችላል። ሌላም የምነግራችሁ ነበረኝ። ያንን የጭነት መኪና ራሱ ገና አላወራኋችሁም፣ ሁሉም መካኒክ እጁን የሰጠበትን ማለቴ ነው፣ እሱ እኮ…

ሮማን በሩ ላይ ቆማለች። ሁለት ጣቶቿን አንስታለች።

እሺ። ዘጋሁ።